ማንም ያልወሰዳቸው ቤቶች

ሰኔ 12፣ ሐሙስ

እስከ ረፋድ የተሸጠ፦ ዣንጥላ ዘጠኝ፣ ሳፋ ሦስት፣ የዝናብ ቦት አራት ጥንድ። መጥረጊያ የጠየቀ የለም። ዝናብ ሲገባ ማን ደጁን ይጠርጋል፤ ዝናቡ ይጠርግለታል።

ከፕላን ቢሮ አንዲት ወጣት ኢንጂነር መጣች። ትሁት ናት፤ ጫማዋ ግን ለዚህ ሰፈር ጭቃ አልተሠራም። መንገዳችን ሊሰፋ ነው። ነዋሪው አይቶ አስተያየት እንዲሰጥ የሰፈሩን ሞዴል ሠርተዋል፤ ቤቱን፣ መንገዱን፣ ዛፉን፣ ሁሉን በካርቶንና በፎም። የሰፈሩ መሰብሰቢያ አዳራሽ ውስጥ ሊያስቀምጡት ነበር፤ ነገር ግን የአዳራሹ ጣሪያ እንደ ወንፊት ያፈስሳል። ሰው የሚበዛበት ደረቅ ቦታ ስትጠይቅ ወደ እኔ ሱቅ ጠቆሟት።

"የቦታ ኪራይ እንከፍልዎታለን፣ እትዬ" አለችኝ።

"አያስፈልግም" አልኳት። ደግነት አይደለም። ሞዴል ሊያይ የገባ ሰው ባልዲ ሳያይ አይወጣም፤ ባልዲ ያየ ደግሞ የእሱ ባልዲ መሰንጠቁ ትዝ ይለዋል።

ሁለት በርሜል ገልብጬ ሞዴሉን ከላይ አጋደምነው። የበር ያህል ይሰፋል። ቤቶቹ የክብሪት ቀፎ ያክላሉ። ሱቄን ፈልጌ አገኘኋት። በላይዋ ቀይ ክር አልፏል።

"ይሄ ቀዩ ምንድን ነው?"

ኢንጂነሯ ጫማዋን አየች። "የአዲሱ መንገድ ጠርዝ ነው። ረቂቅ ነው እንግዲህ፣ እትዬ። በዚህ ረድፍ ያሉት አራት ሱቆች ፊታቸው ይነካል።"

የሦስቱ ፊታቸው ይነካል። የእኔ ሱቅ ግን ፊት ብቻ ናት፤ ጀርባ የላትም።

"በአሮጌው ሳሙና ፋብሪካ ግቢ ለማሳለፍም አስበን ነበር" አለች፤ ከወዲያኛው ረድፍ ኋላ ያለውን አጥር በጣቷ እያሳየችኝ። "እዚያ ስድስት ቤት አለ። ሰው ከማፈናቀል የሱቅ ፊት ማስነካት ይሻላል ተባለ።"

ራሴን ነቀነቅኩ። እኔም ብሆን እንደዚያ ነበር የምለው። አስተያየት እስከ ሐምሌ መጨረሻ ነው፤ ነሐሴ ሲገባ ተሰብስቦ ይወሰናል። አንድ የአስተያየት መዝገብና "አይነካም" የሚል ጽሑፍ ትታልኝ ሄደች።

ሰኔ 14፣ ቅዳሜ

ዣንጥላ አሥራ ሁለት፣ ባልዲ አምስት፣ ክዳን ያለው ሣህን አንድ ደርዘን።

"አይነካም" የሚለውን አነሳሁት። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ሱቅ ውስጥ ካለ ሰው ባልዲውንም መንካት ይፈራል፤ ያልነካውን ደግሞ አይገዛም። ዕድሜዬን ሙሉ የሸጥኩት ሳፋ አንኳኩተው፣ የጆግ እጀታ ጎትተው፣ ዣንጥላ ቤት ውስጥ ዘርግተው ለሚገዙ ሰዎች ነው።

ሰው ጎረፈ። ሁሉም መጀመሪያ የራሱን ቤት ይፈልጋል፤ ሲያገኘው ድምፁ ይለወጣል።

"ይቺ ናት ቤቴ? ከላይ ስትታይ ስታሳዝን።"

"የአንቺስ ደህና ናት። የእኔን ከጎረቤቴ ጋር አጋብተዋታል።"

"እትዬ ባልዲ፣ ሱቅሽ ላይ ክር አስረዋል እኮ።"

"አይቻለሁ" አልኩ። "ሳፋውን በላስቲክ ላድርግልሽ?"

እትዬ ባልዲ የሚሉኝ እኔን ነው። ትክክለኛ ስሜን የሚያውቀው የግብር ቢሮ ብቻ ነው።

የአስተያየት መዝገቡ ባዶ ነው። አንድ ሰው ብቻ እስክሪብቶው መጻፍ አለመጻፉን ሞክሮበታል።

ሰኔ 19፣ ሐሙስ

እርጥበቱ ሙጫውን አላላው። አትክልት ሻጯ ቤቷን በጣቷ ስትደባብስ ቤቷ ተነቅላ እጇ ላይ ቀረች። ሁለታችንም ደነገጥን። ከዚያ አገላብጣ አየቻት።

"በሬ እኮ በዚህ በኩል አይደለም" አለች። "ይሄ የጎረቤቴ ግድግዳ ነው። በግድግዳ ነው እንዴ የምገባው?"

"ታዲያ አስተካክያት።"

"እዚህ?"

"ይዘሻት ሂጂ። ስትጨርሺ መልሺ።"

ዕቃ ከመደርደሪያ ሲወጣ ቦታው እንዲሁ ባዶ መቅረት የለበትም። ከፓኬት አንድ የልብስ መቆንጠጫ አውጥቼ ቤቷ በነበረችበት አስቀመጥኩ። ስትመልሳት መቆንጠጫውን ጣሪያዋ ላይ እሰካለሁ፤ ባለቤቷ አይታታለች ማለት ነው። ሌላው ሰው እንዳይቆጣ "አሠራሩ እንደዚህ ነው" አልኩ። አሠራር የሚባል ቃል ሰውን ያረጋጋል።

ሰኔ 23፣ ሰኞ

ዣንጥላ ስድስት፣ ቦት ሁለት። መቆንጠጫ አምስት ፓኬት፣ ሁሉም ለሞዴሉ፤ ሒሳብ የለውም።

አትክልት ሻጯ ቤቷን መለሰች። በሩ ወደ ቦታው ዞሯል፤ በጥፍር ቀለም ቀይ አድርጋዋለች።

"የእውነቱ በርሽ ቀይ ነው እንዴ?"

"ይሆናላ" አለች።

ከዚያ ወዲህ የሚያቆመው ጠፋ። ሰዉ ቤቱን እየነቀለ ወደ ቤቱ ይወስዳል። አንዷ የውኃ ታንከር ከጠርሙስ ክዳን ሠርታ መጣች። አምስት ልጆች ያሏት እናት ግቢዋ ውስጥ አምስት አዝራር ደረደረች፤ "ሰው እንዳለበት ይወቁት" አለች። ኮሎኔል (ወታደር ሆነው አያውቁም፤ ማዕረጉን የሰጣቸው ጢማቸው ነው) በክብሪት እንጨት ቆንጆ አጥር ሠሩ፤ በዚያው አንድ ፎቅ ጨምረዋል።

"ኮሎኔል፣ ፎቅ የለዎትም።"

"አስቤዋለሁ።"

"እዚህ የሚገባው ያለ ብቻ ነው።"

ሰው ሁሉ ተመለከታቸው። ፎቁን በጥንቃቄ አንስተው ኪሳቸው ከተቱት። "ለጊዜው" አሉ።

ሰኔ 26፣ ሐሙስ

ዣንጥላ አምስት። አንዱን የገዛው ልብስ ሰፊው ነው።

ይህ ይጻፍ። ልብስ ሰፊው ከሱቄ ፊት ለፊት ነው፤ አራት ክረምት ሙሉ ደጄን ረግጦ አያውቅም። ያን ጊዜ ደጁን ሲሚንቶ አስደረገ፤ ጎርፉ አቅጣጫ ቀይሮ እኔ ጋ ገባና አንድ ጭነት መጥረጊያ በሰበሰብኝ። አንድ ቃል ተናገርኩት፤ አንድ ቃል መለሰልኝ፤ በዚያው ቀረን። ጠዋት ሲከፍት አየዋለሁ፣ ማታ ሲዘጋ አየዋለሁ። ትይዩ ስለሆነ ነው እንጂ ሌላ ነገር የለውም።

ገባ። ሞዴሉን አየ። ቀዩን ክር ከጫፍ እስከ ጫፍ በዓይኑ ተከተለው፤ እኔ ሱቅ ላይ ሲደርስ ቆመ። የሚናገር መሰለኝ።

"ዣንጥላ አለዎት?" አለኝ።

ከራሱ በላይ አርባ ዣንጥላ ተንጠልጥሏል።

"አለ" አልኩት።

"አለዎት" ማለቱ ነው። ሚስቱና ባለቤቴ በሕይወት ሳሉ አንቺና አንተ ነበርን። ምንም አይደል። ደንበኛ እንደፈለገ ይጥራ።

ሰኔ 30፣ ሰኞ

ኢንጂነሯ መጣች። የሰፈሩ እኩሌታ የለም፤ በምትኩ መቆንጠጫ ተኝቷል።

"እትዬ፣ ሰፈሩ የት ሄደ?"

"ቤቱ ሄደ" አልኳት።

ባልዲ ገልብጬላት ተቀመጠች። የምታለቅስ መስሎኝ ነበር። የተመለሱትን ቤቶች አንድ በአንድ እያነሳች አየች፤ ታንከሩን፣ አዝራሮቹን፣ ቀዩን በር። ሳቋ መጣ፤ አልቆም አላት። መዝገቡን ከፍታ ያቺን የእስክሪብቶ ሙከራ አየችና እንደገና ሳቀች።

"አለቃዬ መዝገቡ የታለ ይለኛል።"

"ይሄ ነዋ መዝገቡ" አልኳት።

ዛሬ የጎማ ቦት ገዝታ ሄደች። ዋጋ ቀንሼላታለሁ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ አልተከራከረችኝም እኮ።

ሐምሌ 2፣ ረቡዕ

ከቀትር ጀምሮ ዝናቡ መንገዱን ባዶ አደረገው።

ቀዩ ክር በስፒል ነው የተያዘው፤ ስፒሎቹም ላልተዋል። ወዲያኛው ረድፍ ላይ ቢሆን ምን ይመስላል ብዬ፣ ለማየት ያህል ብቻ፣ ነቅዬ በልብስ ሰፊው በኩል ሰካሁት። የእኔ ሱቅ ወጣች። የእሱ ገባ።

ነገሩ ትክክል ነው። የእኔ ዕቃ ቦታ ይይዛል፤ የእሱ አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ ጠረጴዛና አንድ መቀስ ነው። እኔ የማስተምራት ልጅ አለችኝ፤ እሱ ብቻውን ነው። ማንም ቢመዝነው እንዲሁ ያገኘዋል። ደግሜ መዘንኩት፤ ያው ነው። ትክክል ከሆነ ለምን ደጋግሜ እመዝነዋለሁ?

ልመልሰው ስል ገዢ ገባ።

ሐምሌ 3፣ ሐሙስ

ሳፋ ሁለት። ክሩን አልመለስኩትም፤ ሥራ በዛብኝ።

ሐምሌ 5፣ ቅዳሜ

ዣንጥላ አራት፣ አንዱ ለልብስ ሰፊው። ክሩ በራሱ ሱቅ ላይ መሆኑን አየ። የራሱን ቤት ነቅሎ ጃኬቱ ውስጥ ከተተና መቆንጠጫውን ራሱ አስቀመጠ።

ልጄ ሲሻገር ታየው ነበር። "እማዬ፣ ሰውዬው ስንት ራስ ነው ያለው?"

"ዣንጥላ ይጠፋል።"

"ይጠፋል" አለች። "ከዚህ እዚያ ሲሻገር።"

ለክፉ ምላሷ እቃ አሳጠብኳት።

ሐምሌ 8፣ ማክሰኞ

ስንት እንደተሸጠ ነገ አያለሁ።

ልብስ ሰፊው ቤቱን መለሰ። ፊቱ የለም። ክሩ እስካለበት ድረስ በመቀስ ቆርጦታል፤ ካርቶኑ እንዳይተለተል ጠርዙን በነጭ ክር ዘምዝሞታል። ስፌቱ አይታይም ማለት ይቻላል። ካርቶን እንደዚያ ተሰፍቶ አይቼ አላውቅም።

"ይሄ ምንድን ነው?" አልኩት።

"ልኩ ነው። መኪናዬ በቀረው ውስጥ ትገባለች፤ አስጠግቼ አይቻለሁ።"

"ደንበኛ የት ይቆማል?"

"ውጭ። ዣንጥላ ገዝቻለሁ።"

ይህን ያለው እንደ ተራ ነገር ነው። እኔ ባልዲዎቹን መደርደር ጀመርኩ፤ ተደርድረው ነበር።

"ክሩን ያዛወረው ቢሮው አይደለም" አልኩት፤ ጀርባዬን እንደሰጠሁት።

"አውቃለሁ። ስፒሉን ስትሰኪ በሱቄ መስኮት አይቼሻለሁ።"

ዞርኩ። የተቆጣ ሰው ፊት አልነበረውም።

"ካየህ ለምን ቆረጥከው?"

"የአንቺ ዕቃ ትልልቅ ነው" አለ። "መርፌ የትም ይገባል።"

ያንኑ የእኔን ምክንያት ነው የነገረኝ። ከእሱ አፍ ሲወጣ ግን እንደ ምክንያት አልተሰማኝም። እሱ እያየኝ ስፒሎቹን ነቅዬ ክሩን ወደ ቦታው፣ ወደ ራሴ ሱቅ መለስኩት። "ተዪው" አለ፤ አልተውኩም። መቆንጠጫውን ጣሪያው ላይ ሰካሁለት።

አንቺ አለኝ። ሰው በሥራ ሲጠመድ አፉ ይሳሳታል። እኔም አንተ ብዬዋለሁ፤ እኔ ግን አልተሳሳትኩም፤ ቀድሞም እንደዚያ ነበር የምጠራው።

ሐምሌ 9፣ ረቡዕ

ትናንት የተሸጠውን አላስታውስም። ዛሬም አልቆጠርኩም። ሱቁ ቢሄድ ከአዳራሹ አጠገብ ቦታ አለ፤ ጠባብ ነው፣ ገዢ አያልፍበትም። ከዚያ ሆኖ ይህ መንገድ አይታይም።

ሐምሌ 17፣ ሐሙስ

ቤቶቹ ሁሉ ተመለሱ። ጣሪያው ሁሉ መቆንጠጫ አለው፤ ሰፈሩ የታጠበ ልብስ የተሰጣበት ይመስላል። ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመጣ ቆማ አየችውና "እማዬ፣ በጣም ያምራል" አለች። በእርግጥም ያምራል።

ከባንኮኒው ኋላ ሆኜ እንደ መደርደሪያ አየሁት። ነጋዴ መደርደሪያ ሲያይ ዓይኑ የሚሄደው ወደተሸጠው አይደለም፤ አቧራ ወደለበሰው ነው። ከፋብሪካው አጥር ውስጥ ያሉት ስድስት ቤቶች መቆንጠጫ የላቸውም። ማንም አልወሰዳቸውም። ማንም በጣቱ አልነካቸውም፤ ጣሪያቸው አቧራ ይዟል።

ከዚህ ሁሉ ሰው አንድ እንኳ "ይቺ የእኔ ናት" የሚል እንዴት ይጠፋል? እኔ ቤቴ ሞዴል ላይ ናት ቢሉኝ በደረቴ እየዳህኩም ቢሆን መጥቼ አያታለሁ።

ኮሎኔልን ጠየቅኳቸው። "የፋብሪካው ሠራተኞች ናቸው እዚያ የሚኖሩት" አሉ።

"ፋብሪካው ከተዘጋ ስንት ጊዜው ነው?"

ጢማቸውን ያዙ። "እውነትሽን ነው" አሉ። "ያንን አጥር አልፎ ያየ ማነው?"

ማንም የለም። አጥሩ ረጅም ነው፤ እዚያ ሰው እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን፤ ማን እንደነገረን ግን አናውቅም።

ሐምሌ 18፣ ዓርብ

ሱቅ ዘግቼ ሄድኩ። በሥራ ቀን ዘግቼ አላውቅም። ኮሎኔል፣ አትክልት ሻጯና ልብስ ሰፊው አብረውኝ ነበሩ። ዝናቡ ሲመጣ ልብስ ሰፊው ከብብቱ ሁለት ዣንጥላ አወጣ። "ይኸው ጥቅማቸው" አለ።

የፋብሪካውን በር አንኳኳን። ዘበኛው ከፈተ፤ አንኳኪ ስላልለመደ ከእኛ ይልቅ እሱ ተደናገጠ።

"እዚህ ስድስት ቤት አለ?" አሉት ኮሎኔል፤ በወታደር ድምፅ።

"ቤት?" አለ ዘበኛው። "ጎመን ነው ያለኝ።"

አስገባን። ከአጥር እስከ አጥር ጎመን ነው፤ ዝናብ ጠጥቶ እንደ ዣንጥላ ተዘርግቷል። ቤቶቹን ፋብሪካው ሲዘጋ ለጡባቸው ብለው አፍርሰው ወስደዋቸዋል። የቀረው የዘበኛው ጎጆ ብቻ ነው፤ እሷም በሩ ጥግ ናት፤ መንገድ አትነካም።

አትክልት ሻጯ አንድ ጎመን በእጇ መዘነች። "ከዚህ እያወጣ ሸጦ ነው ለካ ገበያዬን የሚያበላሽብኝ" አለች። ሁላችንም ሳቅን፤ ዘበኛውም። ልብስ ሰፊው ሲስቅ ትከሻው ብቻ ነው የሚስቀው። ረስቼው ነበር።

ሐምሌ 24፣ ሐሙስ

ዣንጥላ ሦስት፣ ጆግ አንድ።

ኢንጂነሯ በገዛችው ቦት ጎመን መሃል ገብታ ለካች። ሞዴሉን የሠሩበት የአየር ፎቶ አሮጌ ነው፤ በፎቶው ላይ ስድስት ጣሪያ አለ፤ እኛም ሞዴሉን ስናይ ስድስቱን ቤት አምነን ተቀብለናል። "እኔም አንዴ መጥቼ ማንኳኳት ነበረብኝ" አለችኝ። "እኛም እዚሁ ኖረን አላንኳኳንም" አልኳት። ልብስ ሰፊው በትንሿ ሜትሩ ጫፍ ይዞላት ሲሮጥ ዋለ። ግቢው ለመንገዱ ይበቃል። የሚወስነው ግን ስብሰባው ነው። እስከዚያ ገና ሁለት ሳምንት ገደማ አለ፤ ክሩ አሁንም ሱቄ ላይ ነው።

ነሐሴ 6፣ ማክሰኞ

ስብሰባው በሚያፈሰው አዳራሽ ተደረገ። ጠዋት ሰባት ባልዲና ሁለት ሳፋ አበደርኳቸው፤ ከየቀዳዳው ሥር አስቀመጥናቸው። ሞዴሉን አራት ሰው ተሸክሞ፣ ልብስ ሰፊውና ልጄ ዣንጥላ ይዘውለት፣ እንደ ሙሽራ ገባ።

ሰብሳቢው ሲናገሩ ጠብታው ሳፋው ላይ ያጨበጭብላቸዋል። ኢንጂነሯ ቆማ አስረዳች፤ ስድስቱን ቤቶች አነሳች፤ ክሩን ከሱቄ ላይ ነቀለችና በጎመኑ መሃል ዘረጋችው።

ዘበኛው እጁን አወጣ። "ጎመኑስ?" አለ።

ከመንገዱ ግራ የሚተርፈው መሬት ለእሱ እንዲተው አትክልት ሻጯ ጠየቀች። አንዳንዶች ተንጫጩ። "ከእኔ በላይ የተጎዳ አለ?" አለቻቸው፤ ተቀበሏት።

የእኛ መንገድ ባለበት ይቀራል፤ ከሥሩ ግን የጎርፍ ቱቦ ይገባል። ቱቦው ከየት ይጀምር ሲባል ልብስ ሰፊው ተነሣ። ሰው ፊት ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

"ከእኔ ደጅ ይጀምር" አለ። "ጎርፉን ወደ ማዶ የላክሁት እኔ ነኝ።"

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። መልስ ይጠበቅብኛል።

"ድምፅ ይሰጥበት" አልኩ።

ሳቁ ከጠብታው በለጠ። እጅ ሲወጣ አንድም ተቃውሞ አልነበረም። ኮሎኔል ሁለት እጃቸውን አውጥተው አንዱን እንዲያወርዱ ተነገራቸው።

ባልዲዎቹ ሁሉም ተመለሱ፤ ታጥበው። አንዱ ውስጥ ጎመን ነበረበት።

ነሐሴ 9፣ ዓርብ

ዣንጥላ አንድ ብቻ ቀርቷል። ሌላውን አልቆጠርኩም፤ ሱቄ እንደሆነች አለች፣ ትቆጠራለች።

ቢሮው ሞዴሉን ለሰፈሩ ተወው። ስድስቱን ቤቶች መደርደሪያው ጫፍ ላይ አስቀመጥኳቸው። አንድ ሰው ዋጋቸውን ጠየቀኝ፤ አይሸጡም አልኩት። ይህን ቃል በዚህ ሱቅ ውስጥ ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ኮሎኔል ፎቃቸውን ከኪሳቸው አውጥተው መልሰው ጫኑ፤ አየሁ፣ ዝም አልኩ።

ለልብስ ሰፊው ቤት አዲስ ካርቶን ቆርጬ ፊቱን ልለጥፍለት አሰብኩ። ከለከለኝ። "ልክ ነው ያለው" አለ። "የእውነቱንም ሱቅ እንዲሁ ወደ ኋላ እሰበስበዋለሁ፤ ፊት ለፊት ባዶ ቦታ ይኖራል። አውቶቡስ የሚጠብቅ ሰው ይቀመጥበታል።"

"ዝናብ ሲሆንስ?"

"ከእኔ ጣሪያ እስከ አንቺ ጣሪያ ሸራ እንወጥራለን። እኔ እሰፋዋለሁ።"

"ገመዱ ከእኔ" አልኩ። ለገበያም ጥሩ ነው፤ ጥላ ሥር የቆመ ሰው ወደ ሁለቱም ሱቅ ያያል። ይህን ለልጄ ሳስረዳት "አዎ እማዬ፣ ለገበያ ነው" አለች፤ በጣም ረጋ ብላ።

ነገ፦ ሱቅ ሳልከፍት ወደ ጅምላ ገበያ። ወፍራም ገመድ፣ መቆንጠጫ ሃያ ፓኬት፣ ዣንጥላ ሦስት ደርዘን። ሸራውን ልብስ ሰፊው ይመርጣል፤ አብሮኝ ይሄዳል። ከዘነበ የቀረው አንዱ ዣንጥላ ይበቃናል።